«ፎርማት ይደረግ» ስለሚባለው መድኃኒት

በሀገራችን ለብዙ ዓይነት ሕመም አንድ መድኃኒት ማዘዝ የቆየ ልማድ ነው። ራስም ታመመ፣ ሆድም ታመመ፣ ብርድም መታ፣ መድኃኒቱ ያው ዳማከሴ ነው። ዳማከሴን መንቀፋችን አይደለም፤ በቦታው ሲሆን መልካም ቅጠል ነው። ዳሩ ግን ይህ ለሁሉ አንድ መድኃኒት የማዘዝ ልማድ ከጓሮ ተነሥቶ ወደ ኮምፒዩተር ከገባ ወዲህ አዲስ ስም አውጥቶአል፤ ስሙም «ፎርማት ይደረግ» ይባላል። ኮምፒዩተሩ ዘገየ፤ ፎርማት ይደረግ። ድምፅ አላወጣም፤ ፎርማት ይደረግ። አፕዴት ካደረገ በኋላ አልነሣም አለ፤ ያለ ምንም ጥያቄ ፎርማት ይደረግ።

በዚህች ጽሑፍ ስለ መጨረሻው፣ ይኸውም ኮምፒዩተር አፕዴት ካደረገ በኋላ ሲከፈት በውስጡ የሚሠሩት ሰርቪሶች አንነሣም ስለሚሉበት ችግር ያየነውንና የተማርነውን ለአንባቢዎቻችን ለማካፈል እንወዳለን። የሥነ ጥበባት ተማሪዎች ስትሆኑ የመኪና ነገር ምን አገባችሁ የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አጭር ነው። ዛሬ የቅኔውም፣ የቀረርቶውም፣ የታሪኩም ጥናት የሚቀመጠው በዚሁ መኪና ውስጥ ስለ ሆነ ያገባናል።

አስቀድመን ነገሩ ምን እንደ ሆነ እንግለጥ። ኮምፒዩተር ሲከፈት አንድ ነገር ሆኖ የሚነሣ ይመስላል እንጂ እንደ ብዙ ቤተ ሰብ ተራ በተራ ነው የሚነቃው። መጀመሪያ በዋናው ቦርድ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ትነቃለች፤ እርስዋ ሲስተሙን ትቀሰቅሳለች፤ ሲስተሙ ደግሞ ማንም ሳያያቸው ከበስተ ጀርባ የሚሠሩትን ሰርቪሶች ይቀሰቅሳል። ድምፅ የሚያወጣ ሰርቪስ አለ፤ ኔትዎርክ የሚያገናኝ አለ፤ ለማተሚያው ወረቀት የሚያሰልፍ አለ፤ በር የሚጠብቅም አለ። በዊንዶውስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የሰርቪሶቹ ቍጥር ከመቶ ይበልጣል። ብዙዎቹም ብቻቸውን አይነሡም፤ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። ለምሳሌ «ዊንዶውስ ኦዲዮ» የተባለው ሰርቪስ «ኦዲዮ ኢንድፖይንት ቢልደር» የተባለው ጓደኛው ቀድሞ ካልነሣ አይነሣም። የሲስተሙም ትዕግሥት ወሰን አለው። በተለመደው ሥርዐት አንድ ሰርቪስ ተጠርቶ በ30 ሰከንድ ውስጥ «አቤት» ካላለ ቀርቶአል ተብሎ ይመዘገባል፤ እርሱን ሲጠብቁ የነበሩትም ተከትለው ይቀራሉ።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ድምፅ ሲጠፋ ድምፁን፣ ኔትዎርክ ሲጠፋ ኔትዎርኩን ይወቅሳል። ይህም ከሰሉ ሳይቀጣጠል ቡናው አልፈላም ብሎ ጀበናውን እንደ መውቀስ ነው። ጀበናውን ሰብሮ አዲስ ጀበና ከሾላ ገበያ ቢገዛም ከሰሉ እስካልተቀጣጠለ ድረስ ቡናው አይፈላም።

አፕዴት ማለት ደግሞ ቤተ ሰቡ እቤቱ ውስጥ እያለ የቤቱን ምሰሶ መለወጥ ነው። አሮጌው ፋይል ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፤ በመካከሉ ግን ቤቱ አሮጌም አዲስም ያልሆነበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ መብራት ቢጠፋ ግማሹ ምሰሶ በአዲስ፣ ግማሹ በአሮጌ እንደ ቆመ ይቀራል። በየካ የኖረ ሰው መብራት ስለ መጥፋት ከኛ ትምህርት አይሻም። ሌላም ምክንያት አለ። ከሲስተሙ ጋር ያልተወለደ፣ ከውጭ የገባ አሮጌ ፕሮግራም ከአዲሱ ምሰሶ ጋር ሳይገጥም ይቀራል። ዲስኩም ሞልቶ ለአዲሱ ፋይል ስፍራ ይጠፋ ይሆናል።

እጅግ የሚያስገርመው ምክንያት ግን የሰዓቱ ነው። በቦርዱ ላይ ያለችው፣ እንደ ሳንቲም የከበበችው ባትሪ ስታልቅ ኮምፒዩተሩ ቀኑን ይረሳና ከብዙ ዓመት በፊት የሚኖር ይመስለዋል። አንድ ጓደኛችን ይህ ሲያጋጥመው ቀኑን አስተካክላለሁ ብሎ ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞላው። መኪናው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ከኢንተርኔት የሚመጣለትንም የምስክር ወረቀት ሁሉ «ይህ ገና ያልተጻፈ ነው» እያለ መለሰው። አፕዴቱም፣ ኢሜይሉም፣ ሌላውም ቆመ። በሽታው የዘመን አቆጣጠር ነበረ፤ የታዘዘለት መድኃኒት ግን እንደ ተለመደው ፎርማት ነበረ።

አሁን በራሳችን ላይ ወደ ደረሰው እንምጣ። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል ወደ ከተማ የሚወርዱትን እናቶች የማያውቅ የአዲስ አበባ ተማሪ የለም። እኛም አራት ሆነን ለመመረቂያ ጥናት የነዚህን እናቶች ወግና እንጕርጕሮ በድምፅ መሰብሰብ ይዘን ነበር። አንዳንዶቹ ከሃምሳ ዓመት በፊት የነበረውን ጫካ፣ የትኛው ዳገት ነፋስ እንዳለው፣ የደን ዘበኛ ሲመጣ ሸክሙ የት እንደሚደበቅ ትናንት እንደ ሆነ አድርገው ይናገራሉ። ከሁሉም የሚበልጡት በዕድሜም በንግግርም አንዲት እማማ ነበሩ። ሲስቁ ሁላችንንም ያስቁናል፤ ሲያንጐራጕሩ ግን ቀረጻው እስኪያልቅ ማናችንም ቀና አንልም። ሦስት ቀን ቀረጽናቸው። ከዚያ ወዲህ ወር ሳይሞላ ዐረፉ።

የተሰበሰበው ድምፅ 19 ሰዓት ያህል ሲሆን በአንድ በተገዛዛ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ነበረ። የጋራችን የነበረውን ውጫዊ ዲስክ አንዱ ጓደኛችን ለራሱ ጥናት ወደ ጎንደር ይዞት ሄዶ ስለ ነበረ የሚመለስበትን ቀን እንጠባበቃለን። በዚህ መካከል ኮምፒዩተሩ ኮተቤ በሚገኘው ክፍላችን አንድ ምሽት አፕዴት ማድረግ ጀመረ፤ ጥቂት እንደ ቆየም መብራት ጠፋ። በማግሥቱ ሲከፈት ጥቁር ገጽ ላይ ክቧ ብቻ ትዞራለች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተከፈተ፤ ነገር ግን ኔትዎርክ የለም፣ የማያቋርጥ የስሕተት ማስታወቂያ አለ፣ ፋይል ለመክፈት ሲሞከርም ይደርቃል።

መገናኛ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ ልጅ ትሑት ነው፤ ከፍቶ አንድ ደቂቃ ያህል ተመለከተውና፥

«ይሄ ፎርማት ነው የሚፈልገው። እስከ ማታ ይደርስላችኋል» አለን።

«ውስጡ ያለውስ?»

«ለዳታ ዋስትና አልሰጥም፣ ወንድሞቼ።»

ልጁን አንወቅሰውም። በቀን ሃያ ኮምፒዩተር ይመጣለታል፤ መዝገብ ተቀምጦ ለማንበብ ማንም አይከፍለውም። ፎርማት ጊዜው የታወቀ፣ ዋጋውም የታወቀ ሥራ ነው። ነገር ግን ለርሱ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ የሆነው ነገር ለእኛ የሞቱትን እማማ ድምፅ ሁለተኛ መቅበር ነበረ። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አቅፈን ተመለስን።

የረዳችን አንዲት የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ የሆነች እኅታችን ናት። እርስዋ ከሁሉ አስቀድማ ያደረገችው ነገር ምንም አለመጠገን ነው። «ቤት ሲቃጠል መጀመሪያ የሚወጣው ሕፃኑ ነው፤ እሳቱ በኋላ ይጠፋል» አለችን። ከፍላሽ ላይ በሚነሣ ሊኑክስ ኮምፒዩተሩን አስነሣችው። በዚህ ዘዴ የታመመው ዊንዶውስ እንደ ተኛ ይቀራል፤ ዲስኩ ግን ይነበባል። 19ኙ ሰዓት በሙሉ ወደ ሁለት ዲስክ ተገለበጠ። ያን ጊዜ ብቻ «አሁን ሐኪም መሆን እንችላለን» አለች።

ቀጥሎ ዊንዶውሱን በሴፍ ሞድ አስነሣችው። ሴፍ ሞድ ማለት ሲስተሙ ከውጭ የገባውን እንግዳ ሁሉ በር ላይ አቁሞ፣ ያለ እነርሱ መኖር የማይቻለውን ጥቂት የቤት ልጆች ብቻ ይዞ የሚነሣበት ሥርዐት ነው። ከዚያም «ኢቨንት ቪውወር» የተባለውን መዝገብ ከፈተች። ይህ መዝገብ በእያንዳንዱ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ እኛ ግን እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም ሲያነበው አላየንም ነበር። አፕዴቱ የተጀመረው 22፡47 ላይ ነው ይላል፤ መኪናው የሚቈጥረው በፈረንጅ ሰዓት ስለ ሆነ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ47 መሆኑ ነው። ቀጥሎ በቍጥር 6008 ያለፈው መዘጋት ያልተጠበቀ ነበር የሚል ቃል ተጽፎአል። መብራቱ የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የማግሥቱ ጧት ቀያይ ምልክቶች ተደርድረዋል፤ 11 ናቸው።

ዐሥራ አንድ ምልክት ሲያይ ሰው ዐሥራ አንድ በሽታ ያለ ይመስለዋል። እኅታችን ግን አንድ በአንድ አስነበበችን። ዘጠኙ ቍጥር 7001 ነበሩ፤ ትርጓሜውም «እኔ የምጠብቀው ሌላው ስላልተነሣ አልተነሣሁም» ማለት ነው። አንዱ ቍጥር 7009 ሲሆን ይህ 30 ሰከንዱ አልቆበት የቀረ ሰርቪስ እንዳለ የሚናገር ነው። ሌላው ቍጥር 7000 ሲሆን ያው ሰርቪስ ሳይነሣ መቅረቱን የሚያረጋግጥ ነው። እንግዲህ ከ11 ምልክት በሽተኛው አንድ ብቻ ሆነ። እርሱም ማን ነው ቢባል ከኛ በፊት ኮምፒዩተሩን የያዘው ሰው የተወው፣ የክፍያ ዘመኑ ያለቀ አሮጌ የጸረ ቫይረስ ፕሮግራም ሰርቪስ ነው። ይህ አሮጌ ዘበኛ በኔትዎርኩ በር ላይ ተቀምጦ ኖሮ አዲሱ ፋይል ሲመጣ አልገጠመለትም። ራሱ አይነሣም፤ ሌላውንም አያሳልፍም። የሰርቪሶች ዝርዝር ባለበት ገጽ እርሱን ብቻ ፈልጋ እንዳይነሣ አደረገችውና ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ከፈተች። ዘጠኙ ማንም ሳይነካቸው በየተራቸው ተነሡ። የተቋረጠውም አፕዴት መብራት ባለበት ሰዓት ተደግሞ ተፈጸመ።

ከዚህ የተማርነውን ባጭሩ እናስቀምጥ። አንደኛ፣ ከመጠገን በፊት መገልበጥ ይቅደም። ሁለተኛ፣ የሚጮኸውን ሳይሆን መጀመሪያ የወደቀውን መፈለግ ነው፤ መዝገቡ ጊዜውን እስከ ሰከንድ ስለሚጽፍ ይህ አያስቸግርም። ሦስተኛ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ አምስት ነገር ለውጦ የዳነ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፣ ነገም ሲታመም ከዜሮ ይጀምራል። አራተኛ፣ መዝገቡ ዝም ካለ የውጭ ሰርቪሶችን ሁሉ አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን ማስነሣት፣ ከዚያም ግማሹን መመለስ፣ ችግሩ ከተመለሰ ያንን ግማሽ እንደ ገና ለሁለት መክፈል ነው፤ በዚህ መንገድ ከ32 ሰርቪስ መካከል ጥፋተኛውን በአምስት ሙከራ ማግኘት ይቻላል። አምስተኛ፣ አፕዴቱን ራሱን መልሶ ማውጣት የሚቻልበት መንገድ እንዳለ አይረሳ። ፎርማት የሚመጣው ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው።

አፕዴትን ፈርቶ መተው መፍትሔ ይሆናል የሚል ቢኖር አይሆንም እንላለን። በብዙ የከተማችን ኮምፒዩተሮች ላይ የምናየው ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቶአል። ያልታደሰ ቤት ለሌባ የተከፈተ ቤት ነው። የሚያስፈልገው መታደስን መሸሽ ሳይሆን እንዴት መታደስ እንደሚገባ ማወቅ ነው።

ይህ ነገር የድኻ ሀገርና የአሮጌ ኮምፒዩተር ጣጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። በዚያ ዕለት በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ጥበቃ ኩባንያ አንድ ትንሽ የአፕዴት ፋይል ለደንበኞቹ ሰደደ። ፋይሉ ጕድለት ነበረበት። ስሕተቱ ታውቆ 2 ሰዓት ከ27 ላይ ተመለሰ፤ በ78 ደቂቃ ውስጥ ማለት ነው። ነገር ግን ፋይሉን የተቀበሉት ኮምፒዩተሮች ገና ሲነሡ ስለሚወድቁ ማስተካከያውን ለመቀበል የሚሆን ዕድሜ አልነበራቸውም። ማይክሮሶፍት በገመተው መሠረት 8 ሚሊዮን 500 ሺህ ኮምፒዩተሮች ወደቁ፤ በየአህጉሩ አውሮፕላኖች ቆሙ፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ተቸገሩ። መድኃኒቱ ምን ነበረ? በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያችን አንዲት ፋይል መደምሰስ ነበረ። ሆኖም በብዙ ስፍራ ሠራተኛ በእግሩ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እየሄደ በእጁ ሊያደርገው ግድ ሆነ። ያን ሁሉ መኪና ፎርማት ይደረግ ያለ አልነበረም።

በእግር መሄድ የማይቻልበት ስፍራም አለ። እነዚያ እናቶች ከሚወርዱበት መንገድ በላይ፣ በእንጦጦ ጋራ ራስ ላይ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ የእንጦጦ የጠፈር ምርምር ጣቢያ ቆሞአል። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ መቆጣጠሪያዋ የተደረገው በዚሁ ጋራ ላይ ነው። የሰማይ መኪና ቢታመም መገናኛ ወስዶ ማሳየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1976 ማርስ ላይ ያረፈችው ቫይኪንግ 1 እስከ 1982 ድረስ ሠርታ ሳለ፣ የባትሪዋን አሞላል ለማሻሻል ከምድር የተላከው ትእዛዝ አንቴናዋ ወደ ምድር የምታይበትን መረጃ ደምስሶ ጻፈበት። ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ አልተሰማም። ሊረዳት የመጣ ማሻሻያ ጆሮዋን ዘጋው። መድረስ ለማይቻልበት ነገር ማሻሻያ የሚልኩ ሰዎች ሠላሳ ጊዜ ምድር ላይ የሚሞክሩት ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን አለመነሣት አይደለም። ጠባቂው ሳይነሣ ቤቱ ተከፍቶ ማደሩ ይብሳል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ለመጋቢት 7 አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነውን ተማሪ ሁሉ ያስታውሰዋል። ብሔራዊ ባንክ በኋላ እንደ ገለጠው ጥገናና ፍተሻ ሲደረግ በተፈጠረ እክል ምክንያት ሰዎች በሒሳባቸው ከሌለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በየዩኒቨርሲቲው መኝታ ቤት በሌሊት ደረሰ፤ በገንዘብ ማውጫው መኪና ፊትም ሰልፍ ሆነ። በማግሥቱ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለሕዝብ ለጠፈ። ያን ሌሊት መኪናው «አልሠራም» ብሎ ቢቆም ኖሮ ብዙ ወጣት ከኀፍረት በዳነ ነበር። እንግዲህ ኮምፒዩተራችን ሲነሣ ቀይ ምልክት ቢያሳየን ልንበሳጭ አይገባንም፤ ቀዩ ምልክት «እዚህ ጋ አመመኝ» የሚል የታማኝ በሽተኛ ድምፅ ነው።

አሁን ነገራችንን ወደ ራሳችን ቤት እንመልስ። ፎርማት የሚለው ቃል ከኮምፒዩተር ወጥቶ ጠባያችን እንዳይሆን እንፈራለን። አዲስ የተማሪዎች ኅብረት ኮሚቴ ሲመረጥ የቀድሞው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ የት እንደ ገባ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ «የነሱ ነገር ይቅር፣ ባዲስ እንጀምር» ማለት ይቀላል። ክበብ ሲዳከም ይፈርስና ሌላ ስም ያለው ክበብ ይቋቋማል፤ የደከመበት ምክንያት ግን ሳይመረመር አዲሱን ክበብ ተከትሎ ይገባል። ይህን የምንለው አሮጌ ነገር ሁሉ ይቀመጥ ብለን አይደለም። ያ አሮጌ ዘበኛ ሰርቪስ መወገድ ነበረበት፤ ተወገደም። ነገር ግን አንድን ለማስወገድ የማንን ድምፅ አብረን እንደምናጠፋ ሳናውቅ ሁሉን መደምሰስ ጥገናም ለውጥም አይባልም። ከዜሮ የሚጀምር ሰው ስሕተቱን እንኳ ይዞ ለመማር አይችልም፤ ተደምስሶበታልና።

ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ኮምፒዩተራችሁ ነገ ማለዳ አልነሣም ቢላችሁ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ እንላለን። ውስጡ ያለው ተገልብጦአል ወይ? መጀመሪያ የወደቀው ማን ነው? መዝገቡስ ምን ይላል? እነዚህን ሳይጠይቅ «ፎርማት ይደረግ» የሚላችሁን ሰው አመስግናችሁ ኮምፒዩተራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። የእማማ ድምፅ ዛሬ በሁለት ዲስክ ላይ ተቀምጦአል፤ መስማት የሚወድ ሁሉ ወደ ክፍላችን መጥቶ መስማት ይችላል።